በሩ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ሲለጠፍ፦ ስለ መጠጥ ፈቃድ ሪቪው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ለንደን፣ ሊድስ ወይም በርሚንግሃም ውስጥ መጠጥ የሚሸጥ ምግብ ቤት፣ ባር ወይም ጭፈራ ቤት ያለው ነው። ሁለተኛው ከእንዲህ ያለ ቤት በላይ ተከራይቶ እንቅልፍ ያጣው ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ሐበሾች ናቸው፤ አንዳንዴም ቅዳሴ ላይ ይገናኛሉ።

የተጻፈው ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ስል እዚህ አገር 11 የሚሉትን ነው። ዓመቶቹ ግን የፈረንጅ ናቸው።

ሪቪው ማለት የፈቃድ እድሳት ነው?

አይደለም። አገር ቤት የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። እዚህ ግን የቤቱ የመጠጥ ፈቃድ፣ ሲሰጥ የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት በቀር፣ አያልቅም። በየዓመቱ የሚከፈል ክፍያ አለ፤ ለአብዛኛው ቤት እንደ ሕንጻው ግምት ከ70 እስከ 350 ፓውንድ ነው። ካልከፈሉ ፈቃዱ ይታገዳል። ከከፈሉ ግን ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ተነስቶ «ዘንድሮ አላድስልህም» ሊል አይችልም።

ስለዚህ ካውንስሉ በተሰጠ ፈቃድ ላይ እጁን የሚያስገባበት ዋናው በር ሪቪው ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በቤቱ ላይ ቅሬታ ያቀርባል፤ ካውንስሉ ደግሞ ጉዳዩን ሰምቶ ይወስናል። ይህን አሠራር ያመጣው በ2003 የወጣው የላይሰንሲንግ ሕግ ነው። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 24 ቀን 2005 ነው። ከዚያ በፊት የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጡት የማጅስትሬት ፍርድ ቤት ዳኞች ነበሩ።

ሪቪው ማን ሊጠይቅ ይችላል?

ማንም። ድሮ «በአካባቢው» የሚኖር ወይም የሚሠራ መሆን ነበረበት። ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የካውንስሉ የድምፅና የጤና ተቆጣጣሪዎች፣ የሕጻናት ጥበቃ ክፍል፣ የንግድ ቁጥጥር ክፍልም ይችላሉ። ካውንስሉ ራሱ በ2012፣ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ደግሞ በ2017 ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ለማመልከት አንድ ሳንቲም አይከፈልም።

ቤቱን ስለማልወደው ብቻ ማመልከት እችላለሁ?

ማመልከቻውን መሙላት ይችላሉ። የሚሄድበት መንገድ ግን የለም።

ሕጉ አራት ነገሮችን ብቻ ነው የሚያየው፦ ወንጀልና ረብሻን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ በሕዝብ ላይ የሚደርስ ሁከትን መከላከል፣ ሕጻናትን ከጉዳት መጠበቅ። ቅሬታዎ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ካልተያያዘ አይታይም። «የቤቴን ዋጋ አወረደው» ውሃ አያነሳም። «ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው» ብቻውን አይበቃም። «ገበያዬን ወሰደብኝ» የሚል የጎረቤት ምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻለዋል። እልህ ብቻ ያለበትን ወይም ጨርሶ ቁም ነገር የሌለውን ማመልከቻ ካውንስሉ ገና በሩ ላይ ይመልሰዋል። በአንድ ምክንያት ተመርምሮ ያለቀን ጉዳይ ያለ አዲስ ነገር ደግሞ ማምጣትም እንደዚያው ነው።

ከቤቴ ሥር ያለው ባር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከየት ልጀምር?

ከሪቪው አይጀምሩ። መጀመሪያ ባለቤቱን ያነጋግሩ፤ በሰላም ሰዓት፣ ሰካራም በሌለበት። ባለቤቱ ሐበሻ ከሆነ ሽማግሌ መላክም ያስኬዳል፤ ተሳክቶ አይቻለሁ። ብቻ የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል አስቀሩት። ካልሆነ የካውንስሉን የድምፅ ቅሬታ ክፍል ይጥሩ። በ1990 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሠረት እነሱ መጥተው ለክተው ባለቤቱን በጽሑፍ ማስገደድ ይችላሉ። ያ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ ያን ጊዜ ሪቪው አለ።

እስከዚያው ግን ይጻፉ። የሪቪው ጉዳይ የሚያልቀው አዳራሹ ውስጥ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በተጻፈው ነው። ይህ ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል ይሠራል።

አጻጻፉም ለውጥ አለው። «ሁልጊዜ ይረብሻሉ፣ ልጆቼ ታመሙ» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳቸዋል። ይህን ደግሞ ይመልከቱ፦

«ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡40። የሙዚቃው ቤዝ መኝታ ቤቴ ወለል ላይ ይሰማል። በመስኮት ሳይ የኋላው በር ተከፍቶ አራት ሰው ያጨሳል። 8፡15 በሩ ተዘጋ። ሙዚቃው ሳይጠፋ ድምፁ ወደቀ።»

ይህ ችግሩንም መፍትሔውንም ይዟል። ሙዚቃው ሳይሆን በሩ ነው። ሪቪውን የሚሰማው የካውንስሉ ኮሚቴ «ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የኋላው በር ይዘጋ፤ ማጨስ በፊት በር ብቻ» ብሎ ፈቃዱ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ባለቤቱም ቢሆን ይህን ሲያነብ የሚከራከርበት ነገር ያጣል።

ሰዎቹ የሚጮኹት ውጭ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ ምን አገባው?

ያገባዋል። ለንደን፣ ሶሆ ውስጥ የነበረ አንድ መጠጥ ቤት ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ውሳኔ አግኝቷል። ደንበኞቹ ብርጭቆ ይዘው ከቤቱ አጠገብ ያለችው መተላለፊያ ላይ እየቆሙ ያወሩ ነበር። የዌስትሚኒስተር ካውንስል በሪቪው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ክፍት ብርጭቆ ይዞ መውጣትን ከለከለ። ባለቤቱ ተከራከረ፤ አልቀናውም።

ደንበኛዎ አውቶቡስ ተራ ደርሶ ቢጣላ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቤቱ በራቁ ቁጥር የባለቤቱ ኃላፊነት እየቀነሰ ይሄዳል።

ካመለከትኩ ስሜ ይታወቃል?

አዎ። ማመልከቻው ለባለቤቱ ይደርሰዋል። ዛቻ አለብኝ ብለው በቂ ምክንያት ካሳዩ ካውንስሉ አድራሻዎን ሊሸፍን ይችላል፤ እሱም ከስንት አንዴ ነው። የሚፈሩ ከሆነ የሰፈርዎን ካውንስለር (የተመረጠ የምክር ቤት አባል) ወይም የድምፅ ክፍሉን በራሳቸው ስም እንዲያመለክቱ ይጠይቁ።

ባለቤት ነኝ። በሬ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ተለጠፈብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አይቅደዱት። ካውንስሉ ማስታወቂያውን በፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት፣ ከኤ4 ባላነሰ መጠን፣ ቤቱ ላይ ወይም አጠገቡ ለ28 ቀን የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ድረ ገጹም ላይ ያወጣዋል። ደንበኛ ሲያየው ያሳፍራል፤ ገበያም ያቀዘቅዛል። ቀድደው ከጣሉት ግን ስለ እርስዎ አንድ ተጨማሪ ታሪክ ሰጧቸው።

ሁለተኛ፣ ያመለከተውን ሰው በር ሄደው አያንኳኩ። በንዴት የተነገረ አንድ ቃል በሚቀጥለው ቀን ኢሜይል ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ፈቃድዎን ያውጡና ያንብቡት። እንደ ቀልድ የማወራ እንዳይመስልዎት። ስንቱ ባለቤት ነው ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቅድመ ሁኔታዎቹን አንድም ቀን አንብቧቸው የማያውቀው! ቤቱን ከሌላ ሰው ሲገዛ አብረው የመጡለት ናቸው። አንዱ መስመር «የካሜራ ምስል ለ31 ቀን ይቀመጥ» ይላል፤ የእርስዎ ማሽን በሳምንቱ ይደመስሳል። ሌላው «መጠጥ የተከለከሉ ሰዎች በመዝገብ ይያዙ» ይላል፤ መዝገቡ ባዶ ነው። ሌላው «ዓርብና ቅዳሜ ፈቃድ ያለው ሴኩሪቲ በር ላይ ይቁም» ይላል፤ የቆመው የአጎትዎ ልጅ ነው። ጎረቤቱ ያመለከተው በድምፅ ቢሆንም ፖሊስ መጥቶ እነዚህን ሲያገኝ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ በ28 ቀኑ ውስጥ መልስዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ደንበኞችና ጎረቤቶችም ድጋፍ መጻፍ ይችላሉ። ግን «ደግ ሰው ነው፣ ክትፎው ቆንጆ ነው» የሚል ሦስት መቶ ፊርማ ሚዛን አያነሳም። «ከጎኑ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ሌሊት መስኮቴን ከፍቼ እተኛለሁ» የሚል አንድ ደብዳቤ ያነሳል።

ጥፋት ካለ ሂሪንጉን፣ ማለትም ጉዳዩ የሚሰማበትን ስብሰባ፣ ሳይጠብቁ ያርሙት። በሩ ላይ መዝጊያ ክንድ አስገጥመው፣ ደረሰኙን ይዘው፣ «ይህን ቅድመ ሁኔታ ፈቃዴ ላይ ጻፉልኝ» ብለው የሚቀርቡ ሰው ከሚከራከር ሰው ይልቅ ይሰማሉ።

ሂሪንጉ ምን ይመስላል? ጠበቃ ያስፈልገኛል?

ፍርድ ቤት አይደለም፤ ግን ቀልድም አይደለም። ሦስት ካውንስለሮች፣ ማለትም በሕዝብ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት፣ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አጠገባቸው የሕግ አማካሪና ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሠራተኛ አለ። የ28 ቀኑ ጊዜ ካለቀ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ገብቶ ማዳመጥ ይችላል።

ለሁሉም ወገን እኩል ደቂቃ ይሰጣል። እንደ ፊልም ተነስቶ ምስክር ማፋጠጥ፣ ካልፈቀዱ በቀር፣ የለም። የሰው ወሬም ይሰማል፤ ክብደቱን እነሱ ይመዝኑታል። ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ አዲስ ወረቀት በዕለቱ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ ሁሉም ወገን ካልተስማማ በቀር። በስልክዎ ላይ ያለው ቪዲዮ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቀድሞ ካልገባ «አንቀበልም» ሊባሉ ይችላሉ። እንደሚገኙ፣ ማን እንደሚናገርልዎ፣ ምስክር ካለዎትም ማን እንደሆነ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ደንቡ ማንኛውም ሰው፣ ሕግ የተማረም ባይሆን፣ አብሮዎት ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል። እንግሊዝኛው ካላመቸዎት ጥሩ የምትናገር ልጅዎን ወይም ወዳጅዎን ይዘው ይግቡ። አስተርጓሚ ከፈለጉም ካውንስሉን ቀደም ብለው ይጠይቁ። ፖሊስ «ፈቃዱ ይሰረዝ» ብሎ የጠየቀ ከሆነ ግን በእኔ እምነት የፈቃድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ። የቪዛ ጠበቃዎ ሳይሆን የፈቃድ ጠበቃ።

ኮሚቴው ምን ሊወስን ይችላል?

ምንም ላያደርግ ይችላል። ቅድመ ሁኔታ ሊጨምር ወይም ሊቀይር ይችላል፤ ሰዓት ማሳጠርም እዚህ ውስጥ ይገባል። አንዱን ሥራ ብቻ ነጥሎ ሊያወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ መጠጡ ይቀጥል፣ ሙዚቃው ይቅር። ፈቃዱ ላይ በስም የተጻፈውን የመጠጥ ሽያጭ ኃላፊ ሊያነሳ ይችላል። እስከ ሦስት ወር ሊያግድ ይችላል። የመጨረሻው ስረዛ ነው። ውሳኔው እዚያው ካልተነገረ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል።

ሙዚቃ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነፃ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ላለው ቤት፣ ታዳሚው ከ500 ካልበለጠ፣ አዎ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት መጠጥ እዚያው እየተጠጣ የሚጫወት ሙዚቃ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፈቃዱ ላይ ያሉ የሙዚቃ ቅድመ ሁኔታዎችም በዚያ ሰዓት አይሠሩም። ማሲንቆም ኪቦርድም ይሁን ልዩነት የለውም።

ሪቪው የሚያስፈራበት አንዱ ምክንያትም ይኼ ነው። ኮሚቴው በሪቪው ይህን ነፃነት ከእርስዎ ቤት ላይ ሊያነሳው ይችላል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ባር በነፃ የሚሠራው እርስዎ ጋ ቅድመ ሁኔታ ይሆናል።

ጫትና ሺሻስ?

ጫት ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ድሮ ለንደን ውስጥ በነፃ ይሸጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም እንደ ዋዛ ያዩታል። ፖሊስ እንደዚያ አያየውም። ጓዳ ውስጥ ከተገኘ «ወንጀልን መከላከል» የሚለው ርዕስ ሥር ይገባል።

ሺሻ የመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ግን ከጁላይ 2007 ጀምሮ በተዘጋ ቦታ ማጨስ እንግሊዝ ውስጥ ክልክል ነው፤ ሺሻም ይጨምራል። ሪቪው ሲመጣ ባለቤቱ ሕግ አያከብርም ለማለት ይጠቀሙበታል።

በአንድ ጥፋት ብቻ ፈቃድ ሊሰረዝ ይችላል?

ይችላል። መንግሥት ያወጣው መመሪያ አንዳንድ ጥፋቶችን ነጥሎ፣ በመጀመሪያውም ቢሆን ስረዛ በቁም ነገር እንዲታሰብ ይላል። ዕፅ መሸጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ ለልጆች መጠጥ መሸጥ፣ በኮንትሮባንድ የገባ መጠጥና ሲጋራ፣ የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሰው ማሠራት ከእነዚህ ናቸው። የመጨረሻው ለእኛ ሰው ቅርብ ነው። ዘመድ ለመርዳት ብሎ ኩሽና ያስገባ ባለቤት ከ2024 ወዲህ ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሰው እስከ 45 ሺህ ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሪቪው ደግሞ ከዚያ በላይ ይመጣል።

ዕድሜ ላይም ይጠንቀቁ። አገር ቤት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም፤ እዚህ ከ18 በታች ነው። «የማውቃት ልጅ ናት» መታወቂያ አይሆንም።

ፈጣኑ መንገድ ደግሞ አለ። ከባድ ወንጀል ወይም ከባድ ረብሻ ተፈጥሯል ብሎ አንድ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከፈረመ፣ ካውንስሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ እርምጃ ያስፈልግ እንደሆነ መወሰን አለበት። ሙሉው ሂሪንግ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ይሆናል።

የፋብሪክ ጉዳይ በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ፋብሪክ ለንደን፣ ፋሪንግደን ያለ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ ዝነኛ ናይት ክለብ ነው። የኢዝሊንግተን ካውንስል ሥር ነው፤ ሐበሻ የሚያዘወትረው ካሌዶኒያን ሮድም የዚሁ ካውንስል ነው። በ2016 ሁለት የ18 ዓመት ወጣቶች ዕፅ ወስደው ሞቱ። ኦገስት 12 ፈቃዱ ታገደ። ሴፕቴምበር 6 ማታ የጀመረው ሂሪንግ እኩለ ሌሊትን አልፎ ሄደ፤ ፈቃዱ ተሰረዘ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ፈርሞለት ነበር። የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካንም ክለቡ እንዲተርፍ እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር። ኮሚቴው ግን የዕፁ ችግርና የፍተሻው መላላት ላይ ነው ያተኮረው።

ክለቡ ይግባኝ አለ፤ ለክርክሩም ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ መዋጮ ተሰበሰበ። ኖቬምበር 21 ከካውንስሉ ጋር ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። 32 አዳዲስ ቅድመ ሁኔታዎች መጡ። መግቢያ ላይ የመታወቂያ ስካነር ተተከለ፣ ከ19 ዓመት በታች መግባት ቀረ፣ ዕፅ የተገኘበት ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። በጃንዋሪ 2017 ተከፈተ። ፊርማው ጫጫታ ፈጠረ፤ በሩን የከፈተው ግን የ32ቱ ቅድመ ሁኔታዎች ወረቀት ነው።

ተሸነፍኩ። ይግባኝ እስክል ቤቱን ልዝጋ?

በተራው ሪቪው ከሆነ፣ አይዝጉ። ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ለመሄድ 21 ቀን አለዎት። ያ እስኪያልፍ፣ ይግባኝ ካሉም እስኪያልቅ፣ ውሳኔው አይጸናም። ያመለከተው ጎረቤትም ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

በፈጣኑ መንገድ ከሆነ ግን ጊዜያዊው እገዳ እስከ ይግባኙ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ያን ጊዜ ከፍቶ መሸጥ ያለ ፈቃድ መሸጥ ነው፤ ገደብ የሌለው መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ያስከትላል።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን እንደ አዲስ ይሰማል፤ ካውንስሉ መሳሳቱን የማሳየት ሸክም ግን በይግባኝ ባዩ ላይ ነው። ይህንንም ያጸናው ያው የሶሆው ጉዳይ ነው። ካውንስሉ ፊት የተሸነፈ የራሱን ወጪ ብቻ ነው የሚችለው። ፍርድ ቤት ግን የሌላውን ወገን ወጪም ሊያስከፍልዎ ይችላል፤ ከመግባትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ።

ሪቪው እየተካሄደ ፈቃዱን በወንድሜ ስም ባዞረውስ?

ብዙ የተሞከረ ነው። ፈቃድ ማዛወር ይቻላል፤ ሪቪው ግን የሚከተለው ቤቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ፖሊስም ወንጀልን ለመከላከል ብሎ ዝውውሩን ሊቃወም ይችላል። ኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄው «አዲሱ ባለፈቃድ ከድሮው ጋር ምን ግንኙነት አለው?» ነው። የአባት ስም አንድ ከሆነ መልሱን እነሱም ያነቡታል። ለእውነተኛ ገዢ፣ በውል፣ በባንክ በተላለፈ ገንዘብ ከተሸጠና አዲሱ ሰው የራሱን አሠራር በጽሑፍ ካቀረበ ግን ኮሚቴው ይህን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል።